በየደቂቃው 76 እንግዳ፦ ታይላንድ በቁጥር

በመስከረም 2018 ዓ.ም. ከቦሌ ተነስቶ ወደ ባንኮክ የበረረ መንገደኛ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አየር ላይ ቆይቶ ሲያርፍ የሚቀበለው ዓመት 2568 ነው። 6,700 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት፣ 550 ዓመት። ታይላንድ ዓመት የምትቆጥረው ቡድሃ ካረፈበት ጊዜ ጀምሮ ስለሆነ ከአውሮፓውያኑ 543 ዓመት ትቀድማለች። የሱቅ ደረሰኙ፣ የመንግሥት ደብዳቤው፣ የመታወቂያ ወረቀቱ በዚህ አቆጣጠር ይጻፋል። ልደቱን በአንድ ዓመት አክብሮ ፓስፖርቱን በሌላ ዓመት የሚያወጣ የእኛ ሰው እዚያ ሲደርስ ነገሩን ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም።

ከዚህ አቆጣጠር እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ የ2483 ታሪክ ነው። የታይላንድ መንግሥታዊ አዲስ ዓመት ቀድሞ ኤፕሪል 1 ይውል ነበር። ወደ ጃንዋሪ 1 እንዲዛወር ሲወሰን 2483፣ ማለትም እ.ኤ.አ. 1940፣ በዘጠኝ ወሩ ተዘጋ። በዓመት 13 ወር የለመደ አንባቢ ዘጠኝ ወር ብቻ የኖረ ዓመት ሲሰማ ቆም ማለቱ አይቀርም። ሕዝቡ ከልቡ የሚያከብረው የዓመት መለወጫ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ሶንግክራን ዛሬም ኤፕሪል 13፣ በእኛ ሚያዝያ 5 ቀን ይገባል። ልጆች በወላጆቻቸውና በአያቶቻቸው መዳፍ ላይ መልካም ሽታ ያለው ውሃ አፍስሰው ምርቃት ይቀበላሉ፤ የቡድሃ ምስሎችም ይታጠባሉ። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ አላፊ አግዳሚው ሁሉ በውሃ ይርሳል። ዩኔስኮ በዓሉን እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል።

የቀኑ ሰዓት ደግሞ ከዓመቱም በላይ ወደ እኛ ይቀርባል። በጽሕፈት ቤትና በባቡር ጣቢያ የ24 ሰዓት አቆጣጠር ይሠራበታል። በአፍ ሲነገር ግን ቀንና ሌሊቱ በአራት ተከፍሎ ስድስት ስድስት ሰዓት ይቆጠራል። ፀሐይ ገብታ ፈረንጁ 7 ሰዓት ሲል ታይላንዳዊው 1 ይላል፤ ቀጥሎ 2፣ 3፣ 4፣ 5። በእነዚህ የምሽት ሰዓታት የእነሱና የእኛ ቁጥር አንድ ነው። መለያየት የሚመጣው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው፤ እኛ 7 ብለን ስንቀጥል እነሱ እንደገና ከ1 ይጀምራሉ። ጠዋትም በድሮው አነጋገር የፈረንጁ 7 ሰዓት 1 ነበር፤ ዛሬ ብዙዎች 7 ማለትን መርጠዋል። አዲስ አበባና ባንኮክ በሰዓት ቀጠና አራት ሰዓት ይራራቃሉ፤ ሆኖም ባንኮክ ላይ ሆኖ «ማታ በ2 ሰዓት እንገናኝ» የሚል ሐበሻ ቃሉ ወደ ታይኛ ቢመለስለት ሰዓቱን ሳይቀይር ይግባባል። ከሁለቱ ሕዝቦች አንዱ ከሌላው የወረሰው ነገር ስለመኖሩ ማስረጃ አላየሁም። ፀሐይን በትኩረት የተመለከቱ ሁለት ሕዝቦች ወደ ተመሳሳይ ቁጥር መድረሳቸው ለእኔ በቂ ድንቅ ነው።

በካርታ ላይ ባንኮክ ከመቀሌ ጋር በአንድ መስመር ላይ ትገኛለች ማለት ይቻላል፤ ሁለቱም ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 13 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ናቸው። ነገር ግን መቀሌ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስትሆን ባንኮክ ከባሕር ጠለል በላይ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ናት። ያችም ከፍታ እየቀነሰች ነው፤ ከተማዋ በየዓመቱ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ትሰምጣለች። አፈሩ ለስላሳ ጭቃ ነው፤ ለብዙ አሥርት ዓመታትም ከሥሩ የጉድጓድ ውሃ ያለ ልክ ተቀድቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 በሀገሪቱ የደረሰው የጎርፍ አደጋ ለወራት ቆይቶ ከ800 በላይ ሰዎችን ገድሏል። የዓመቱ አማካይ ሙቀት 28 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ሌሊቱም እምብዛም አይቀዘቅዝም። ደጋ የለመደ ሰው ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ሲወጣ የሚመታው እርጥብ ሙቀት ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብደዋል፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን በጉብኝት አታጨናንቁት። የሀገሪቱ ረጅሙ ተራራ ዶይ ኢንታኖን 2,565 ሜትር ነው። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ በመሆኑ የታይላንድን ጣሪያ በጥሩ ልዩነት ይበልጠዋል።

የቆዳ ስፋቷ 513,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የኢትዮጵያን ግማሽ አይሞላም። ሕዝቧ 70 ሚሊዮን ይጠጋል። ወደዚህች ሀገር እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ 40 ሚሊዮን የውጭ ጎብኚ ገብቷል። ቁጥሩ ሲከፋፈል ይበልጥ ይገርማል። በቀን 109,000 ሰው፤ በደቂቃ 76፤ ሌሊቱም፣ የዝናቡ ወራትም ተቆጥረው። የቱሪዝም ገቢውም በዚያ ዓመት 1.9 ትሪሊዮን ባት ገደማ ደርሶ ነበር። ከዚያ ኮሮና መጣ። እ.ኤ.አ. በ2021 ዓመቱን ሙሉ የገባው ጎብኚ 428,000 ያህል ብቻ ነበር። በ2019 አራት ቀን ይበቃው የነበረ ሕዝብ ማለት ነው። የሆቴል አስተናጋጁ፣ የጀልባ ሹፌሩ፣ በመንገድ ዳር ሩዝ የምትጠብሰው እናት ሁሉ ከዚህ ቁጥር በስተጀርባ አሉ። በ2024 የጎብኚው ቁጥር እንደገና ከ35 ሚሊዮን አልፏል።

ይህ ሁሉ ሰው የት ያርፋል? ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ታይላንድ 76 ክፍለ ሀገሮችና ባንኮክ አሏት፤ ደሴቶቿ 1,400 ይደርሳሉ። አብዛኛው ጎብኚ ግን የሚከማቸው በጣት በሚቆጠሩ ቦታዎች ነው፤ ባንኮክ፣ ፓታያ፣ ፉኬት፣ ቺያንግ ማይ፣ ሳሙይ፣ ክራቢ። ፉኬት ደሴት ስፋቷ 540 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አዲስ አበባን ታክላለች። የተመዘገበ ነዋሪዋ 400,000 ገደማ ሆኖ ከኮሮና በፊት በዓመት 10 ሚሊዮን ገደማ የውጭ እንግዳ ታስተናግድ ነበር። ለአንድ ነዋሪ 25 እንግዳ ይደርሰዋል።

ከዚህም የጠበበ ቦታ አለ። በፒፒ ደሴቶች ውስጥ ማያ የሚባል የባሕር ወሽመጥ አለ፤ ሦስት ጎኑ በገደል የተከበበ ሲሆን አሸዋው ከጫፍ ጫፍ 250 ሜትር ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣና ሊዮናርዶ ዲካፕሪዮ የተወነበት «ዘ ቢች» ፊልም እዚያ ከተቀረጸ በኋላ ዓለም ሁሉ ጎረፈበት። በመጨረሻ በቀን እስከ 5,000 ሰው ይደርስ ጀመር። ለአንድ ሜትር ዳርቻ 20 ሰው ማለት ነው። የጀልባዎቹ መልሕቅ ኮራሉን ሰባበረው። እ.ኤ.አ. በጁን 2018 መንግሥት ወሽመጡን ዘጋው፤ የተከፈተው በጃንዋሪ 2022 ነው። ሦስት ዓመት ተኩል እረፍት ሲያገኝ ክንፈ ጥቁር ሻርኮች ወደ ጥልቀት አልባው ውሃ ተመለሱ፣ ኮራልም እንደገና ተተከለ። አሁን ጀልባ ወደ ወሽመጡ አይገባም፤ ጎብኚው ከደሴቱ ጀርባ ወርዶ በእግሩ ይሻገራል፤ ወሽመጡም በየዓመቱ ለተወሰኑ ወራት ይዘጋል። ከቱሪስት የሚኖር መንግሥት እጅግ ዝነኛ ዳርቻውን ለዓሣና ለኮራል ሲል እንዲህ ላለ ረጅም ጊዜ መዝጋቱ ልባዊ አክብሮት ይገባዋል።

ባንኮክን ዝለሉ አልልም። ይፋዊ ሙሉ ስሟ በታይ ፊደል ሲጻፍ 168 ሆሄያት ያሉትና በዓለም የቦታ ስሞች ሁሉ ርዝመት ቀዳሚ ተብሎ የተመዘገበ ከተማ ናት፤ ነዋሪዎቿ አሳጥረው ክሩንግ ቴፕ ይሏታል። እ.ኤ.አ. በ1782 በንጉሥ ቀዳማዊ ራማ ዋና ከተማ ሆነች። ቀደም ሲል መናገሻ የነበረችው አዩታያ ከ1350 እስከ 1767 ለ417 ዓመታት ነግሣ በበርማ ጦር ወድማለች። በባንኮክ ዋት ፖ በተባለው ገዳም የተጋደመው ቡድሃ ርዝመቱ 46 ሜትር፣ ከፍታው 15 ሜትር ነው። በእግሮቹ መዳፍ ላይ ከሚያብረቀርቅ ዛጎል የተሠሩ 108 ምልክቶች አሉ። በግድግዳው ጥግ የተደረደሩት የነሐስ ሳህኖችም 108 ናቸው፤ ምእመናኑ በእያንዳንዱ ውስጥ አንዳንድ ሳንቲም እየጣሉ ያልፋሉ። ግቢው የታይ ባህላዊ ማሸት ትምህርት ማእከል ነው፤ የሕክምና፣ የሥነ ጽሑፍና የሃይማኖት እውቀት የተቀረጸባቸው ከ1,400 በላይ የድንጋይ ጽላቶች እዚያው ይገኛሉ። ለእኔ ከሐውልቱ ግዝፈት ይልቅ ጽላቶቹ ይበልጣሉ። ቤተ መጻሕፍት ለሁሉ ክፍት ባልነበረበት ዘመን እውቀትን ለመንገደኛ ሁሉ በግድግዳ ላይ ማስቀመጥ ትልቅ ልግስና ነበር።

ዋት ትራይሚት ያለው የወርቅ ቡድሃ ታሪክ ደግሞ ልብ ወለድ ይመስላል። በኖራ ተለብጦ ተራ ሐውልት መስሎ ይኖር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 ወደዚህ ገዳም ሲመጣ በቂ ቦታ ስላልተገኘለት ለ20 ዓመታት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቆየ። በ1955 ወደ አዲሱ ሕንጻ ሲያነሱት ገመዱ ተበጠሰ፣ ሐውልቱ ወደቀ፣ ኖራው ተሰነጠቀ፤ ከሥሩ ወርቅ ብቅ አለ። ክብደቱ 5.5 ቶን፣ በእኛ መለኪያ 55 ኩንታል ነው። ኖራው የተለበጠው ከበርማ ወራሪዎች ለመሰወር ነው ተብሎ ይታመናል፤ ምስጢሩን የሚያውቁት ሲያልቁ ምስጢሩም አብሯቸው ጠፋ። ሀገሬው ከሁሉ አብልጦ የሚያከብረው ሐውልት ግን ከዚህ በእጅጉ ያንሳል። በቤተ መንግሥቱ ግቢ ያለው አረንጓዴው ቡድሃ ቁመቱ 66 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ልብሱን በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በበጋው፣ በዝናቡና በብርዱ መግቢያ፣ ንጉሡ ራሳቸው ይቀይሩለታል።

በመላ ሀገሪቱ ከ40,000 በላይ የቡድሃ ገዳማትና ከ200,000 በላይ መነኮሳት አሉ። ብዙዎቹ ወንዶች የሚመነኩሱት ለጥቂት ሳምንታት ወይም ለአንድ የዝናብ ወቅት ነው፤ ከዚያ ወደ ሥራቸውና ወደ ትዳራቸው ይመለሳሉ። ሴት መነኩሴን መንካት የለባትም፤ ዕቃ ስትሰጠውም ከእጅ ወደ እጅ አይሆንም። ወደ መቅደስ ሲገባ ጫማ ይወልቃል፣ ትከሻና ጉልበት ይሸፈናል፤ ይህን ለሐበሻ መንገር አያስፈልግም። የእግር መዳፍን ወደ ቡድሃ ምስል ወይም ወደ ሰው ማዞር፣ የሰውን ጭንቅላት መንካት ግን ነውር ነው። የብሔራዊ መዝሙሩ በየቀኑ ጠዋት በእኛ 2 ሰዓት፣ ማታ በ12 ሰዓት በጣቢያዎችና በአደባባዮች ሲሰማ ሁሉም ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ እናንተም ቁሙ። በንጉሡ፣ በንግሥቲቱ፣ በአልጋ ወራሹ ወይም በእንደራሴው ላይ ክፉ መናገር በወንጀለኛ ሕጉ አንቀጽ 112 ከ3 እስከ 15 ዓመት ያሳስራል፤ የውጭ ዜጋም ከዚህ ነጻ አይደለም።

አንድ የሚያስፈራ ቁጥር ልጨምር። በታይላንድ መንገዶች በዓመት ከ15,000 በላይ ሰው ይሞታል፤ አብዛኛው በሞተር ሳይክል ላይ እያለ። ተሽከርካሪ በግራ ይነዳል፣ እኛ ደግሞ ቀኙን የለመድን ነን። ሞተር ነድታችሁ የማታውቁ ከሆነ እዚያ አትጀምሩ። ሶንግክራን ሲሆንማ አደጋው ይብሳል።

ወደ ምግቡ ስመጣ ቁጥሩም ደስ ይላል። ታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 10 ሚሊዮን ቶን ሩዝ፣ ማለትም 100 ሚሊዮን ኩንታል ያህል፣ ለዓለም ገበያ ልካለች። በየመንገዱ ዳር የሚበላው ወጥ፣ ጥብስና ሰላጣ ቃሪያ የበዛበት ስለሆነ በርበሬ ያደገበት ምላስ አይደነግጥም። ለጿሚ ግን ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። አትክልት ብቻ የሚመስለው ሳህን ውስጥ የዓሣ ሶስ ወይም የሽሪምፕ ድልህ ሊኖር ይችላል። መፍትሔውም እዚያው ሀገር አለ። ጄ የሚባለው የጾም ምግብ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት የለበትም፤ ነጭና ቀይ ሽንኩርት እንኳ ይከለክላል። ምልክቱ በቢጫ ላይ በቀይ የተጻፈ ሲሆን ፊደሉን ለማያውቅ ዓይን 17 ቁጥር ይመስላል። በሴፕቴምበር መጨረሻ ወይም በኦክቶበር ለዘጠኝ ቀናት የሚቆይ የጄ በዓል አለ፤ በፉኬት በተለይ ይደምቃል። ያኔ ከተማው ሁሉ 17፣ 17 የሚል ቢጫ ባንዲራ ይለብሳል። ረቡዕና ዓርብን አጥብቆ ለሚይዝ ሰው ይህችን ምልክት ማወቅ ከመዝገበ ቃላት ይጠቅመዋል።

ከእኛ ሰው ባንኮክን የሚያውቃት ብዙ ነው። አንዱ ለሕክምና፣ ሌላው ከፕራቱናም ገበያ ልብስ ጭኖ ለመመለስ ይሄዳል። ቻቱቻክ የሚባለው የሰንበት ገበያ ደግሞ ከ15,000 በላይ መደቦች አሉት። ከትግራይ የሚወጣው ሳፋየርም ድንጋይ ቆራጮችና ነጋዴዎች ወደሞሉበት ወደ ቻንታቡሪ ገበያ ደርሷል። ለጉዞው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግዴታ ነው፤ የቪዛው ደንብ ግን ስለሚቀያየር ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አረጋግጡ።

ነጋዴውም ታካሚውም፣ ጎብኚውም እምብዛም የማይሄዱበት ሰፊ ሀገር ግን አለ፤ ኢሳን። ሰሜን ምሥራቁ ነው። 20 ክፍለ ሀገሮች፣ ከሀገሪቱ ስፋት ሲሶው፣ ከሕዝቡም ሲሶ ገደማው። ከ40 ሚሊዮኑ ጎብኚ ወደዚያ የሚያቀናው ጥቂት ነው። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ወዳጅ ቢጠይቀኝ ባንኮክን ከሦስት አራት ቀን በላይ አትቆይባት፣ ከዚያ ባቡር ይዘህ ወደ ኢሳን ውጣ እለዋለሁ። እዚያ የሚበላው ተጣባቂ ሩዝ ነው፤ በቀርከሃ መሶብ ይቀርባል፣ በጣት እየተቆረሰ ወጥ ይጠቀስበታል። እንጀራ እየቆረሰ ላደገ ሰው እጁ ሳይነገረው ያውቀዋል። ኮይ የሚሉት፣ በቃሪያና በሎሚ የሚለወስ የተከተፈ ጥሬ የበሬ ሥጋም አላቸው። ከወንዝና ከኩሬ ዓሣ የሚሠራውን ጥሬ ኮይ ግን በምንም ምክንያት አትቅመሱ፤ ጉበት ውስጥ የሚኖር ጥገኛ ትል ይዞ ይገባል፣ በአካባቢው የሐሞት ቧንቧ ካንሰር የበዛውም በእሱ ምክንያት ነው።

በኢሳን ቡሪራም በተባለው ክፍለ ሀገር፣ በጠፋ እሳተ ገሞራ አናት ላይ ፋኖም ሩንግ የተባለ የክመር ቤተ መቅደስ አለ። ከ10ኛው እስከ 13ኛው መቶ ዘመን በአሸዋ ድንጋይ የታነጸ ነው። ከበሩ ጉበን አንዱ የሂንዱው አምላክ የቪሽኑ ቅርጽ ያለበት ድንጋይ ተሰርቆ ቺካጎ በሚገኝ ሙዚየም ውስጥ ተገኘ፤ ሕዝቡ አጥብቆ ከጠየቀ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1988 ወደ ቦታው ተመልሷል። የአክሱም ሐውልት ከሮም ሲመለስ የተሰማውን ደስታ የሚያስታውስ ሁሉ ያንን ድንጋይ በቦታው ሲያይ ምን እንደሚሰማው መገመት አይከብድም። ቤተ መቅደሱ በአንድ ቀጥተኛ መስመር የተደረደሩ 15 በሮች አሉት። በዓመት አራት ጊዜ ብቻ የፀሐይዋ ብርሃን 15ቱንም በሮች በአንድ ጊዜ ሰንጥቆ ያልፋል፤ ሁለት ጊዜ ስትወጣ፣ ሁለት ጊዜ ስትጠልቅ። በእኛ አቆጣጠር ስትወጣ የሚታየው በመጋቢት 25 እና በጳጉሜን 3 አካባቢ፣ ስትጠልቅ ደግሞ በመስከረም መጨረሻና በየካቲት መጨረሻ ነው።

ጳጉሜን ላይ እዚያም ክረምት ስለሆነ ደመና ሊጋርዳት ይችላል። የመጋቢቱ ይሻላል፤ ሰማዩ ብዙውን ጊዜ ጥርት ያለ ነው፣ በአካባቢውም በዓል ይደረጋል። ለዚያ ሲባል ሌሊት ላይ ከቡሪራም ከተማ መነሣት፣ ማረፊያውንም ከብዙ ሳምንታት በፊት መያዝ ያስፈልጋል። ሶንግክራን ከዚያ በኋላ በአሥር ቀን ገደማ ስለሚገባ፣ የሁለት ሳምንት ፈቃድ ያለው ሰው ሁለቱንም በአንድ ትኬት ያገኛቸዋል።